የተዘቀዘቀ ነጠላ

ዳቦ ጋጋሪዋ የብርጓል ከኋላዋ ዕቃ ሲወድቅ ዘወር አለማለትን የተማረችው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ አንገቷን ብቻ ነበር የምትይዘው፤ በኋላ ግን አንገት ብቻውን እንደማይበቃ ገባት። ሰው ሲደነግጥ ትከሻው ከፍ ይላል፤ ዓይኑ ይርገበገባል፤ በሊጥ ውስጥ ያለ ጣት እንኳ ለአፍታ ይቆማል። እነዚህን ሁሉ እስክትገራ ዓመታት ፈጅቶባታል። አሁን የዳቦ ትሪ ከእግሯ ሥር ወድቆ ቢንኳኳ እጇ ቡኮውን ማሸቱን አይተውም።

ከጣና ዳር ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ጠባብ ቤት የባሕር ዳር ሰው «የደንቆሮዋ ዳቦ ቤት» ይላታል። ለስድብ ብሎ አይደለም፤ ሌላ ስም ስላልነበራት ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ከዚያ ይገዛሉ። ባለቤቷን ማነጋገር የፈለገ ትከሻዋን ይነካና በገበታው ላይ በተነሰነሰው ዱቄት በጣቱ ይጽፍላታል። አንብባ በመዳፏ ትጠርገዋለች፤ መልሱንም ደንቆሮ እንደሚናገረው ጮክ ብላ፣ ድምፅዋን ሳታወጣና ሳታወርድ ትሰጣለች። ዳቦውን እየቆጠረች የምትሸጠው ሀቢባ ግን መጻፍ ስለማትችል በእጅ ምልክት ነው የምትግባባት። ሀቢባ በመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ሁለት ጊዜ ተመዝግባ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። «ፊደሉ እኔን አይቶ ይሸሻል» ትላለች።

ነገሩ ግን የብርጓል ትሰማ ነበር። እሳቱ ሲንጣጣ፣ ሀቢባ ከራሷ ጋር ስታወራ፣ ከሐይቁ በኩል ጀልባ ሲጮህ፣ ሁሉንም ትሰማ ነበር።

አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት ሶቪየት አገር ተልካ ቋንቋውን ተምራለች። ስትመለስ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የምርመራ ቢሮ በአስተርጓሚነት ያዛት። ሥራዋ በውጭ አገር አማካሪዎችና በመርማሪዎች መካከል ተቀምጣ ቃል ማቀበል ነበር። ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጠው ሰው በየቀኑ ይለዋወጣል። እሱ የሚለውን ትተረጉማለች፤ ሲጮህ ግን ዝም ትላለች፤ ጩኸት አስተርጓሚ አይፈልግምና። አንድ ቃል ብትስት በሰውዬው ላይ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ባትስትም ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ቤቷ ገብታ ስትተኛ የቀኑ ንግግር በሁለት ቋንቋ ይመላለስባታል። ከዚያ ቢሮ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው አይታም ሰምታም አታውቅም።

ከዚያ ሳንባዋን ታመመች። ለወራት የወሰደችው መርፌ ጆሮዋን መጀመሪያ አጮኸባት፤ ኋላም ደፈነው። ሐኪሞቹ መርፌው አንዳንዱን ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ ስለሚያውቁ አልተጠራጠሩም፤ ቦርድ ወጥታ ከሥራ ተሰናበተች። የመስማት ኃይሏ የተመለሰላት ባሕር ዳር፣ ወደ ትውልድ ከተማዋ ከገባች በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ከሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ የወፍ ድምፅ ሰማች። ደስ ሊላት ሲገባ ሰውነቷ ቀዘቀዘ። የሰማ ጆሮ ወደዚያ የምርመራ ክፍል ይመለሳል።

ምሥጢሩን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለአክስቷ ለእማሆይ ወለተ ኪዳን። እማሆይ የዘጌ መሪጌታ ልጅ ናቸው፤ ለገዳማቱ ማኅበር የስንዴ ዳቦ ሲጋግሩ ያረጁ። ሊጥ መቼ እንደሚነሣ በመዳፍ ጀርባ መለየትን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። «እንጀራሽ ካፍሽ ነበረ፤ አሁን ከእጅሽ ይሁን» ብለው ዳቦ ቤት እንድትከፍት የገፋፏትም እሳቸው ናቸው። ቀበሌውም ሌላ መተዳደሪያ የሌላት አካለ ጎደሎ ናት ብሎ ፈቃድና የዱቄት ራሽን ሰጣት። ስለዚህ ዳቦ ቤቱ ራሱ የቆመው በጆሮዋ መደንቆር ላይ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አክስቷ ቤት ገብታ በሩ ሲዘጋ እማሆይ «በይ ጆሮሽን አምጪ» ይሏታል። ከዚያ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ በሹክሹክታ ያራግፉላታል። በሳምንት ውስጥ በራሷ ድምፅ የምትናገረው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

«እቴቴ፣ ቀስ ይበሉ፤ ሰው ይሰማል።»

«ምን ቀስ እላለሁ! አሮጊት ብቻዋን ብታወራ ማን ይጠይቃታል?»

አንድ እሑድ ግን ሳላቸው ጠንቶ ወሬው ተቆራረጠባቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ እጇን ያዙና፣ «እኔ ስሞት እንዴት ልትሆኚ ነው? ሰው ሳይነግርሽ እንዳታለቅሺ» አሏት። ሁለቱም ሣቁ። የብርጓል ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን ነገሩ ሣቅ አልሆነላትም።

የምርመራ ቢሮው ካድሬ አካሉ የመጣው ያኔ በጥር ወር ነው።

ከማየቷ በፊት ነው ያወቀችው። በዚያ ቢሮ ሳለ የግራ ጫማው ሲራመድ ሲጥ ሲጥ ይል ነበር፤ አሁንም ያው ነው። ድምፁ ከመንገዱ ወደ ደጁ ሲታጠፍ ዘወር አላለችም። ቡኮዋን እያሸች ጠበቀች፤ ጥላው ገበታው ላይ ሲያርፍ ብቻ ቀና አለች፤ እንደ ተደነቀ ሰውም ፈገግ አለች። እሱም ፈገግ አለ፤ በዱቄቱም ላይ «ጆሮሽ ተሻለሽ?» ብሎ ጻፈላት።

«አልተሻለኝም!» አለች ጮክ ብላ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ይመጣል። ከደጁ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ዳቦ ይጠብቃል። ከሀቢባ ጋርም ያወራል።

«ይህች ሴት በእርግጥ አትሰማም?» አላት አንድ ቀን፣ የብርጓል ጀርባዋን ሰጥታ ዳቦ ስታድቦለብል።

«ጓድ፣ እሷን ከመጥራት ጎርጎራ ያለውን ጀልባ ብጠራ ቶሎ ይመጣልኛል።»

«ምንም? ትንሽም?»

«ባለፈው ዳቦሽ ድንጋይ ሆኗል ብዬ ፊት ለፊቷ ሰደብኋት። ፈገግ አለችልኝ! ባሌን የማማው እንኳ እሷ ፊት ነው። ግድግዳ ጆሮ አለው ይላሉ፤ እሷ የላትም።»

«ማይልኝ።»

«በዳቦ ነገር አልምልም ጓድ። የዛሬ ነው ወይ ሲሉኝም ቀምሰው ይወቁ እላለሁ እንጂ አልምልም። መሐላ በወዲያኛው ዓለም በአኺራ ያስጠይቃል።»

አካሉ ሣቀ፤ ከዚያ ድምፁን ሳይቀንስ ቀጠለ። አማካሪዎቹ ወደዚህ ክፍለ ሀገር እንደመጡ፣ በየብርጓል ቦታ የተተካው አስተርጓሚ እንደታመመ ነገራት። የብርጓል በዚያ ቢሮ «ታሟል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ የታመመም እንደማይመለስ ታውቃለች። «ጆሮዋ ደህና ከሆነ ነገ መኪና መጥቶ ይወስዳታል» አለ። «ዋሽታን ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሥራ ጉዳይ አይደለም፤ አሻጥር ነው። ያን ያህል የምታውቅ ሰው ዝም ተብላ ዳቦ ስትሸጥ አትኖርም።»

«እኔን ምን አገባኝ ጓድ፣ እኔ ዳቦ ቆጣሪ ነኝ» አለች ሀቢባ፤ ቀልዷ ግን ጠፍቶ ነበር።

የብርጓል ዳቦውን ማድቦልቦሏን ቀጠለች። የመጨረሻዋ ዳቦ ከሌሎቹ አንሳ እንደወጣች ያየችው ትሪው ምድጃ ከገባ በኋላ ነው።

አካሉ ይፈትናት ጀመር። ቁልፉን ከኋላዋ ይጥላል። አጠገቧ ሆኖ በስሟ ይጠራታል። ከሁሉ የከፋው ግን ምድጃው አፍ ላይ ቆማ ትሪ ስታወጣ የሆነው ነው። አካሉ ከኋላዋ ድንገት ተነሥቶ፣ «ቀሚስሽ! እሳት ያዘው!» ብሎ ጮኸ።

በዚያች ቅጽበት እውነት ይሁን ውሸት አላወቀችም። ከምድጃው የሚወጣው ወላፈን እግሯን ሁልጊዜም ስለሚለበልባት ሙቀቱ አልነገራትም። ወደ ታች ብታይ አለቀላት፤ ባታይና እውነት ቢሆንም አለቀላት። ትሪውን ስባ አወጣች፤ መደርደሪያው ላይ አኖረች፤ ሁለተኛውንም ልታወጣ ጎንበስ አለች። ቃጠሎው ሥጋዋ እስኪደርስ ለመጠበቅ ቆርጣ ነበር። አልደረሰም። ሀቢባ ግን እየሮጠች መጥታ ቀሚሷን በሁለት እጇ ትዳስስ ነበር።

«ምን ነካዎት ጓድ? ልቤን አቆሙት እኮ!»

«መስሎኝ ነው» አለ አካሉ፤ ወደ አግዳሚውም ተመለሰ።

የየካቲት መጀመሪያ ላይ አንድ ንጋት ከሐይቁ ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍስ ነበር። የብርጓል ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ገበታው ላይ ቆማለች። ሀቢባ ትላንት የተረፈውን ከመደርደሪያው እያነሣች ነው። አካሉ ከአግዳሚው ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ያዛጋል። በዚህ መካከል የዕድሩ ጡሩምባ ከመንገዱ ራስ ላይ ጮኸ።

ጡሩምባ በማለዳ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ እጁን ከያዘው ነገር ላይ ያነሣል። የብርጓል ግን አላነሣችም። ጡሩምባው ሁለተኛ ተነፋ፤ ቀረበ። አካሉ ተነሥቶ ጥሪውን ለማዳመጥ ወደ ደጁ ወጣ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ደፉ ላይ ቆመ።

«የጊዮርጊስ ዕድርተኞች!» አለ ለፋፊው። «እማሆይ ወለተ ኪዳን ሌሊቱን ዐርፈዋል! ቀብራቸው በስድስት ሰዓት በጊዮርጊስ! ሰምታችሁ ላልሰማ አሰሙ!»

የብርጓል ቡኮውን ወደ ፊት ገፋች፤ ወደ ራሷ አጠፈች፤ እንደገና ገፋች። ፊቷ እንዳልተለወጠ፣ ትንፋሿም እንዳልተቋረጠ እርግጠኛ ነበረች። «ሰው ሳይነግርሽ እንዳታለቅሺ» ያሉት እሳቸው ናቸውና አላለቀሰችም። በልቧ እቴቴ፣ እቴቴ ትላለች፤ ፊቷ ግን የደንቆሮ ፊት ነው።

ቀና ስትል ሀቢባን አየች። ሀቢባ ደረቁን ዳቦ በእጇ እንደያዘች ቆማ ታያታለች፤ የምታየው ግን ፊቷን አይደለም፤ ትከሻዋን ነው።

የብርጓል ዓይኗን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። ከታች የነበረው ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷን ከቧል፤ ሐዘንተኛ እንደምታደርገው ሁሉ። መቼ እንዳደረገችው አታውቅም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጡሩምባ ሲነፋና የሚቀርባት ሰው ስም ሲጠራ እጇ ያንን ሲያደርግ ኖሯል፤ ዛሬም ሳያስፈቅዳት አደረገው። ሰማያዊው ጥለት ላይ የጣቶቿ አሻራ በሊጥ ተለጥፎ ይታያል። ልትመልሰው እጇን ልታነሣ ስትል የግራው ጫማ ሲጥ አለ። አካሉ ከደጁ ዞሮ ነበር።

መጀመሪያ ጥለቱን አየ። ከዚያ ፊቷን። ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየ።

«ማን ነገራት?» አለ ቀስ ብሎ።

ለፋፊው ከዳቦ ቤቱ አልፎ እየራቀ ነው።

«እኔ ነኛ!» አለች ሀቢባ። ደረቁን ዳቦ ጥላ ወደ ገበታው መጣችና ሁለት እጇን ቡኮው ላይ ደገፍ አደረገች። «ሌላ ማን ይነግራታል? አክስቷ ናቸው እኮ። ሌላ ዘመድም የላት።»

«መቼ ነገርሻት?»

«እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው ሲያዳምጡ ነዋ።»

«በምን?»

«በነጠላው። እኔ ፊደል አላውቅም፤ ሞት በጣት አይነገርም። ነጠላዋን ያዝሁና ገለበጥሁላት፤ ገባት።»

አካሉ አንድ እርምጃ ቀረበ። ጥለቱ ላይ ያለውን ሊጥ ተመለከተ። የብርጓል በዚያች ሰዓት በቡኮው ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማት። የሀቢባ ጣቶች በሊጡ ውስጥ ለውስጥ ገብተው የእሷን ጣቶች ነኩ፤ ጨበጡ፤ ለቀቁ።

«እጅሽን አሳዪኝ» አለ አካሉ።

ሀቢባ ሁለት እጇን ከገበታው አንሥታ ዘረጋች። በጣቶቿ መካከል ሊጥ ተጋግሯል።

«ትምያለሽ?»

ሀቢባ በደረቅ ዳቦ እንኳ የማትምል ሴት ናት። አፏን ስትከፍት የብርጓል አየች፤ መሐላው ባይወጣ ይሻል ነበር ብላም አሰበች፤ ባይወጣ ምን እንደሚከተል ግን ወዲያው ትዝ አላት፤ ስለዚህም እንዲወጣ ጸለየች።

«ወላሂ» አለች ሀቢባ። «ወላሂል ዐዚም። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሳትጠብቅ የብርጓልን አቅፋ ትከሻዋን መታ መታ አደረገች፤ ያኔ የብርጓል ጩኸቷ ወጣ። «እቴቴ!» አለች። «እቴቴ፣ እቴቴ!» ድምፅዋ የደንቆሮ ይሁን የራሷ መለየት አልቻለችም። እያለቀሰች እንኳ በዓይኗ ጠርዝ የአካሉን ጫማ ትጠብቅ ነበር፤ ለአክስቷ ያነባችው የመጀመሪያ እንባ እንኳ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው አልሆነም።

ጫማው ወደ ገበታው ቀረበ። አካሉ ባርኔጣውን ብብቱ ሥር አድርጎ ነበር። በዱቄቱ ላይ በጣቱ ጻፈ፦ «እግዚአብሔር ያጽናሽ»። እንደጻፈው ራሱ የደነገጠ ይመስላል። በቢሮው ዘንድ ይህን ስም የሚጽፍ ካድሬ የለም። የመራዊ ከተማ ልጅ ነው፤ ለሐዘንተኛ ሌላ የሚባል ነገር አላስተማሩትም። አንብባ እንደጨረሰች ሳትነካው እሱ ራሱ በመዳፉ ፈጥኖ ጠረገው፤ ወደ ደጁም ገልመጥ አለ።

«ምን ብለው ጻፉላት ጓድ?» አለች ሀቢባ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች።

«ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው ብዬ።»

ባርኔጣውን ደፋ። የዕለቱን ዳቦ ሳይወስድ ወደ ደጁ ሄደና ጀርባውን እንደሰጠ ቆመ።

«ለቅሶው ላይ አልቃሾቹ ሙሾ ሲያወርዱ እንዳትቀድማቸው ንገሪያት» አለ።

«እንዴት ልንገራት? አትሰማም እኮ።»

«ቅድም እንደነገርሻት ንገሪያት።»

የብርጓል በለቅሶው ላይ አልቀደመችም። አልቃሿ የእማሆይን ደግነት፣ የዘጌን ማኅበር፣ የስንዴ ዳቧቸውን እየጠራች ስታወርድ የሴቶቹ ደረት በአንድነት ይመታል፤ የብርጓል ግን ዓይኗን በአጠገቧ ባለችው ሴት እጅ ላይ ተክላ፣ እጁ ሲነሣ አይታ ነው ደረቷን የምትመታው። «ደንቆሮ ዘመዷን ለማን ትታ ሄደች» የሚል ግጥም ሲመጣ ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ አለቀሰ። ያንንም ሰማች፤ ያንንም አልሰማችም። ከወንዶቹ መካከል አካሉ ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ ነበር። ሳጥኑ ሲወርድ ድምፅዋን የሚሰማው ብቸኛ ሰው አብሮ እንደወረደ አሰበች፤ ቀጥሎም በሰፈሩ ሌላ ሁለት ሰው እንደሚያውቅባት አሰበች። ሐዘኑና ፍርሃቱ ተጠላልፈው የቱ እንደሚያንቀጠቅጣት አልለይ አላት።

ከሣልስት በኋላ ወደ ዳቦ ቤቱ ተመለሰች። ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ ነው፤ አሁን ማንም ለምን አይላትም። ሀቢባ ቀድማ ገብታ እሳቱን አንድዳለች። ለረጅም ጊዜ ሁለቱም ሥራቸውን ሠሩ። ከዚያ ሀቢባ መደርደሪያውን እየጠረገች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ለራሷ እንደምታወራ ተናገረች።

«እና ስለ ባሌ ያልሁትን ሁሉ ሰምተሻል ማለት ነው?»

የብርጓል እጇ ቡኮው ላይ ቆመ። ደጁን አየች፤ ደጁ ባዶ ነው። መስኮቱን አየች። በዚያች ቤት ውስጥ ተናግራበት በማታውቀው በዝግታ ድምፅዋ መለሰች።

«ሰምቻለሁ። ስለ ዳቦዬም ያልሽውን።»

ሀቢባ ሣቅ ሲመጣባት አፏን በመጥረጊያው ጨርቅ ያዘች። ሣቁ ግን ወዲያው ጠፋ። «መሐላዬን አላህ ይቅር ይበለኝ» አለች። «ትላንት ማታ ጓድ አካሉ አስቁሞኝ ነበር። ደንቁራለች ብዬ አስተላልፌያለሁ አለኝ፤ መኪናው አይመጣም። ነገር ግን የሚጠይቅ ከመጣ የማልሽውን እንዳትረሺ አለኝ። ምን ማለቱ ነው የብርዬ? ለእኛ አስቦ ነው ወይስ ለራሱ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«እሱ ራሱ ያውቃል እኮ!»

«ቀንሺ ብየሻለሁ።»

ሀቢባ ወደ መደርደሪያው ተመለሰች። እሳቱ ተንጣጣ። ከመንገዱ በኩል የግራ ጫማ ሲጥ ሲጥ እያለ መጣ፤ ሁለቱም ሰሙት። ሀቢባ ወደ የብርጓል አየች፤ የብርጓል ዓይኗን ወደ ገበታው መልሳ ቡኮውን ትገፋለች፤ ታጥፋለች።

«ዳቦ ደርሷል?» አለ ድምፁ ከደጁ።

«ገና ነው ጓድ፤ ይቀመጡ» አለች ሀቢባ።

አግዳሚው ሲንቋቋ ተሰማ። የብርጓል ቀና አላለችም። ሀቢባ አጠገቧ መጥታ፣ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እስክትነካት ድረስ ጠበቀች።